ሁለተኛው መሣሪያ ማሲንቆ መስሎ እንዳይመጣ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ለጤና ይስጥልኝ። በደብዳቤዎች ዓምዳችሁ ላይ ስለ ሙዚቃ መሣሪያ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ክስ ነው፤ ኪቦርድ መጥቶ ማሲንቆንና ክራርን ከመድረክ አወረዳቸው የሚል። እኔ ከተከሳሾቹ ወገን ነኝ። በጎንደርና በዙሪያዋ በሠርግ ድንኳን፣ በሆቴል አዳራሽና በባህል ምሽት ቤት ኪቦርድ ስጫወት ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ነው የቀረው፤ እናቴ ግን እስከ ዛሬ ድረስ «ያንን ኦርጋንህን ተሸክመህ ልትሄድ ነው?» ትለኛለች። የዛሬው ደብዳቤዬ ክሱን ለመከላከል የተጻፈ አይደለም። በባንዳችን ውስጥ ሁለት ወር የዘለቀ አንድ ክርክር አለ፤ ይኸው ጥያቄ ያለባቸው ሌሎች ባንዶችም በከተማችን እንዳሉ ስለማውቅ፣ የደረስኩበትን ሐሳብ በዓምዳችሁ በኩል ላካፍል ፈልጌ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምስት ሆነን የምንጥለው ዕቁብ አለን፤ ስድስተኛው ዕጣ የባንዱ ሲሆን ለመሣሪያ መግዣ ይውላል። ዘንድሮ የባንዱ ዕጣ ቀድሞ ወጣ። ከእኔ ጋር እየተፈራረቀ ኪቦርድ የሚጫወተው ወጣት፣ ከስቴጅ ኪቦርዳችን ጎን ራሱን የቻለ ሲንተሳይዘር እንግዛ አለ፤ ድምፃዊቷ ደግሞ ገንዘቡ ለአዲስ ስፒከር ይዋል አለች። እኔ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ «ኪቦርዱ ውስጥ የሌለ ምን ድምፅ አለና ነው ሌላ ኪቦርድ የምንገዛው?» ብዬ ከልጁ ጋር አጥብቄ ተሟግቻለሁ። ያን ያልኩት ስህተት እንደነበር አሁን ገብቶኛል፤ የገባኝ ግን ልጁ ባቀረበው ምክንያት አይደለም።

ሙያው ሌላ ለሆነ አንባቢ ልዩነቱን ባጭሩ ላስረዳ። ስቴጅ ኪቦርድ የምንለው ለመድረክ ተብሎ የተሠራ፣ አብዛኛውን ጊዜ 73 ወይም 88 ቁልፎች ያሉት፣ የፒያኖ፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ የኦርጋን፣ የቫዮሊንና የትራምፔት ድምፆችን አሰባስቦ የያዘ መሣሪያ ነው። ዋናው ችሎታው ማስመሰል ነው። አንድ ባለሙያ እውነተኛ ፒያኖ ፊት ማይክ ደቅኖ እያንዳንዱን ቁልፍ ለስለስ አድርጎም አጠንክሮም እየመታ ቀድቶታል፤ እኛ ቁልፉን ስንነካ የሚሰማው ያ የተቀዳ ድምፅ ነው። የጥንቱ ዓይነት ሲንተሳይዘር ግን ምንም የተቀዳ ነገር የለውም። ኦሲሌተር የሚባለው ክፍል በኤሌክትሪክ ጥሬ ድምፅ ያወጣል፤ ፊልተሩ የዚያን ጥሬ ድምፅ ስለት እየቀነሰ ያለዝበዋል ወይም ለቆት ያስጮኸዋል፤ ሌላው ክፍል ድምፁ በምን ፍጥነት እንደሚነሣ፣ ምን ያህል እንደሚቆይና እንዴት እንደሚከስም ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ሚኒሙግ በአንድ ጊዜ ከአንድ ድምፅ በላይ ማውጣት አይችልም ነበር፤ በ1983 የወጣው የያማሃ ዲኤክስ 7 ደግሞ በሌላ ዘዴ አንዱን ሞገድ በሌላው እያናወጠ እስከ 16 ድምፅ ባንድ ጊዜ ያወጣ ነበር። ሁለቱም ድምፁን ራሳቸው ይሠሩታል እንጂ ከሌላ መሣሪያ አይቀዱትም። የክርክራችን መልስ ያለው እዚህ ልዩነት ላይ መሆኑ የታየኝ ግን በስብሰባ ላይ ሳይሆን ሠርግ ቤት ነው።

ባለፈው ጥር አዘዞ አንድ ሠርግ ላይ እንሠራ ነበር። የባንዳችን ማሲንቆ መቺ ከአዝማሪ ቤተሰብ የተወለዱ፣ ዕድሜያቸው ከስልሳ የዘለለ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሚዜዎቹ እስክስታውን ሲያጦፉት፣ ጭብጨባና እልልታው ድንኳኑን ሞልቶት ማሲንቆው በደንብ አልሰማህ አለኝ። በቅን ልቦና፣ ላግዛቸው ብዬ፣ ኪቦርዱ ውስጥ የጫንኩትን «ማሲንቆ» የሚል ድምፅ አውጥቼ ዜማውን አብሬያቸው መጫወት ጀመርኩ። ዘፈኑ አንቺ ሆዬ ነበር። ገና ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስንደርስ አንድ ነገር ይጎረብጠኝ ጀመር፤ ጋሼ ጣታቸውን ወደሚያሳርፉበት ቦታ የእኔ ቁልፍ አይደርስም፣ ወይም ያልፈዋል። ሁለቱ ማሲንቆዎች ተጎራብጠው ድምፃዊቷን መሐል አስገቧት፤ ዞር ብላ ስታየኝ ድምፁን ቀነስኩት። ዘፈኑ ሲያልቅ ጋሼ ደጋናቸውን ወደ እኔ ስፒከር ቀስረው «ልጄ፣ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ድምፄን ከዚያ ሳጥን የምታወጣው፣ ሞቻለሁ እንዴ?» አሉኝ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ማታ ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሣኝ።

ማሲንቆ አንድ ጅማት ነው ያለው፤ እሱም ከፈረስ ጭራ የተገመደ። በአንገቱ ላይ ጣትን የሚያስቆም ምንም ምልክት ስለሌለ፣ መቺው ከአንዱ ድምፅ ወደሚቀጥለው የሚሄደው እየዘለለ ሳይሆን እየተንሸራተተ ነው፤ ለቅሶውም ሳቁም ያለው በዚያ መንሸራተት ውስጥ ነው። የተቀዳው ማሲንቆ ግን እያንዳንዱ ቁልፍ ራሱን የቻለ ደሴት ነው። አንዱን ትለቅና ሌላውን ትይዛለህ፤ በመካከላቸው ድልድይ የለም። ድምፁ ብቻውን ሲሰማ ማሲንቆ ይመስላል፤ እውነተኛው አጠገቡ ሲቀመጥ ግን ፎቶግራፍ ከሰውየው ጋር ተሰልፎ እንደ መቆም ያለ ነገር ነው። ማሲንቆ መቺ በሌለበት አገር ለሚሠራ ባንድ ይህ ፎቶግራፍ ይጠቅማል፤ አልነቅፈውም። ጎንደር ላይ ግን ከፒያሳ ተነሥቶ ማሲንቆ መቺ ለማግኘት ረጅም መንገድ መሄድ አያስፈልግም። ስለዚህ የእኛ ከተማ ባንድ ሁለተኛ መሣሪያ ሲገዛ የመጨረሻ ፍላጎቱ መሆን ያለበት ሌላ የተቀዳ ማሲንቆ፣ ሌላ የተቀዳ ክራር፣ ሌላ የተቀዳ ዋሽንት ነው። ነጋዴው ዘንድ ስትሄዱ ግን መጀመሪያ የሚያሰሟችሁ እሱኑ ነው፤ «የባህል ድምፅ ተጭኖበታል» ብለው ዋጋ ይጨምሩበታል።

የእኔ ሐሳብ የተቀየረው በዚህ በኩል ነው። ልጁ ሲንተሳይዘር ይገዛ ያለው «ብዙ ድምፅ አለው» ብሎ ነበር፤ እኔም የተቃወምኩት «ብዙ ድምፅ አለን» ብዬ ነበር። ሁለታችንም የቆጠርነው ድምፅን ነው። ሊጠየቅ የሚገባው ግን በመድረካችን ላይ ማንንም የማይመስልና የማንንም ቦታ የማይወስድ ድምፅ አለን ወይ የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ ከ88 ቁልፎቹ ጋር ኪቦርዱ መልስ አልነበረውም።

ይህ አዲስ ግኝት እንዳልሆነም መናገር አለብኝ። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1981 ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ተጉዞ እዚያው ከቀረ በኋላ፣ በ1985 ብቻውን አንድ ካሴት ቀርጿል። ካሴቱ ላይ አኮርዲዮን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘርና ምት የሚመታ ማሽን ነው ያለው። አዳምጡት፤ ሲንተሳይዘሩ ክራር ነኝ አይልም፣ ማሲንቆ ነኝ አይልም። ዜማው ግን ከሥር እስከ ጫፍ የእኛው ነው። ቅኝቱን የሚሸከመው አካሄዱ እንጂ መሣሪያው ከምን እንጨት ተሠራ የሚለው እንዳልሆነ እኔ ከዚያ ካሴት በላይ የሚያስረዳኝ አላገኘሁም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ኪቦርድ ነፋሾችን ሁሉ ተክቶ ብቻውን ባንድ ሲሆን፣ ብዙ ሰው የጠላው የኪቦርዱን ድምፅ ይመስለኛል፤ እኔ ግን ጥፋቱ ትራምፔት ሳይሆን ትራምፔት ነኝ ማለቱ ነበር እላለሁ።

አሁን ተቃራኒው ወገን የሚለውንም በሚገባው ክብደት ላቅርብ፤ እኔው ራሴ ስለው የነበረ ነውና። ዛሬ ብዙ ስቴጅ ኪቦርዶች በውስጣቸው የሲንተሳይዘር ክፍል አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ኖርድ ስቴጅ 3፣ ለምሳሌ፣ ያው ኩባንያ ለብቻው ከሚሸጠው ሲንተሳይዘር የተወሰደ ሙሉ ክፍል ከፒያኖውና ከኦርጋኑ ጎን ተቀምጦለታል፤ ማዞሪያዎቹም ፊት ለፊት ናቸው። እንዲህ ያለ መሣሪያ ያለው ሰው ሌላ ሲንተሳይዘር ሲገዛ ባይ፣ ገንዘብ በዝቶበታል ከማለት ወደኋላ አልልም። የእኛ ኪቦርድ ግን እንደ ብዙዎቹ ሁሉ ሲንተሳይዘሩን ስክሪን ውስጥ ነው የደበቀው። ፊልተሩን ለመክፈት አንድ ቁልፍ ተጭኖ ዝርዝሩን ማውጣት፣ በቀስት ወደ ታች መውረድ፣ ገጽ መቀየር፣ ከዚያ ቁጥሩን ማዞር ያስፈልጋል። ቤት ውስጥ ይህ አያስቸግርም። ቀን ላይ ድንኳን ውስጥ ግን ፀሐይዋ በሸራው ቀዳዳ ገብታ ስክሪኑ ላይ ስታርፍ ምንም አይታይም፤ እጄን እንደ ጥላ ጋርጄ ገጹን ፈልጌ እስካገኝ ድምፃዊቷ አዝማቹን ጨርሳ ሌላ ስንኝ ገብታለች። የአዝማሪ ጨዋታ ደግሞ መንገዱ አይታወቅም። ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲወረውር ነገሩ በዚያው ቅጽበት ይገለበጣል፤ በዚያ ቅጽበት ድምፁን የሚያሳድገው እጅ ማዞሪያውን ሳያይ ማግኘት መቻል አለበት። ራሱን የቻለ ሲንተሳይዘር ጥቅሙ ይኸው ነው። ፊልተሩ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ነው፤ እጅ ይለምደዋል፤ ዓይን ድምፃዊቷ ላይ ይሆናል።

ስለዚህ ለሌሎች ባንዶች የምመክረው ከመግዛት በፊት መሞከርን ነው። በእጃችሁ ያለው ኪቦርድ ውስጥ ያለውን የሲንተሳይዘር ክፍል አውጡት፤ ከተዘጋጁት ድምፆች አንዱን ሳይሆን ጥሬውን ሞገድ ያዙና ከባዶ የራሳችሁን አንድ ድምፅ ሥሩ፤ ከዚያ አንድ ወር ሙሉ በዚያ አንድ ድምፅ ብቻ ሥሩ። ከወሩ በኋላ ያስቸገራችሁ ድምፁ ከሆነ ሌላ መሣሪያ አይፈታላችሁም። ያስቸገራችሁ እጃችሁ ድምፁ ጋ በጊዜው አለመድረሱ ከሆነ ግን፣ ያኔ ሲንተሳይዘር መግዛት ምክንያት አለው። በእኛ በኩል ለዚህ ሙከራ ከሁዳዴ የተሻለ ጊዜ አላገኘንም፤ ሠርግ የለም፣ ምሽት ቤቱም ቀዝቅዟል፣ መሣሪያውም ሰውም ሥራ ፈትቷል።

መግዛት ከተወሰነ ቀጥሎ የሚመጣው ምን ዓይነት የሚለው ነው፤ እዚህ ላይ ከብዙ የሙያ ጓደኞቼ ጋር አልስማማም። እነሱ ስምንት፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ስድስት ድምፅ ባንድ ጊዜ የሚያወጣ ይሁን ይላሉ። በአውሮፓ ሙዚቃ ለሚሠራ ሰው ትክክል ናቸው፤ አራት ጣት ተጭኖ አንድ ኮርድ የሚይዝ ሰው አራት ድምፅ ያስፈልገዋል። የእኛ ዜማ ግን አንድ መስመር ነው። ማሲንቆው አንድ ድምፅ ነው፣ ዋሽንቱ አንድ ድምፅ ነው፣ ድምፃዊቷ አንድ ድምፅ ነች፤ ሦስቱ በአንድ መንገድ ላይ እየተከታተሉና ትንሽ እየተለያዩ ይሄዳሉ እንጂ አንዱ በሌላው ላይ አይደረደርም። ኮርድ ሲያስፈልግ ኪቦርዱ አለ። ስለዚህ እንደ ጥንቱ ሚኒሙግ ባንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ሲንተሳይዘር ለፈረንጁ ጉድለት ሊሆን ይችላል፤ ለእኛ ግን ልክ ነው። ተጨማሪ ጥቅምም አለው። አንድ ድምፅ ብቻ የሚያወጣ መሣሪያ አንዱ ቁልፍ ሳይለቀቅ ሌላው ሲጫን ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው እየተንሸራተተ እንዲሄድ ማድረግ ይቻላል፤ የመንሸራተቱን ፍጥነት የሚወስነው አንድ ማዞሪያ ነው። ይህን ያወቅኩ ዕለት ጋሼን ቤቴ ጠርቼ፣ ከጓደኛ የተዋስኩትን ትንሽ ሲንተሳይዘር ላይ ትዝታ ተጫወትኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ «ማሲንቆ አይደለም» አሉ፤ ቆይተውም «መንገዱን ግን ያውቀዋል» ብለው ጨመሩበት።

ከዚህ ጋር የተያያዘው የቅኝት ጉዳይ ነው። ፒያኖና ኪቦርድ አንዱን ኦክታቭ እኩል 12 ቦታ ይከፍሉታል። የትዝታ ቅኝት በዚህ ክፍፍል ላይ ብዙም ሳይጎዳ ይቀመጣል፤ የአንቺ ሆዬ ቅኝት ግን ይጨንቀዋል። በወረቀት ላይ፣ በፈረንጅ ኖታ፣ ከሲ ተነሥተን ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ብለን እንጽፈዋለን፤ በማሲንቆ ሲመታ ግን ከእነዚህ መካከል ጥቂቶቹ ከቁልፉ ትንሽ ዝቅ ወይም ትንሽ ከፍ ብለው ነው የሚያርፉት፤ ያውም እንደ ድምፃዊውና እንደ መቺው ይለያያል። አዘዞ ላይ የጎረበጠኝ ይህ ነበር። አንዳንድ ሲንተሳይዘሮች እያንዳንዱን ቁልፍ ለብቻው ከፍና ዝቅ አድርጎ መቃኘት ያስችላሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ኮርግ ሞኖሎግ ከነዚህ አንዱ ነው፣ እሱም ባንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ነው። ፍትሐዊ ለመሆን፣ ለቅኝት ብቻ ተብሎ ሲንተሳይዘር መግዛት አያስፈልግም፤ የኮርግ ፒኤ ዓይነት ስታይል ያላቸው፣ ማለትም ምቱንና አጃቢውን ራሳቸው የሚጫወቱ ኪቦርዶችም ለዐረብ ሙዚቃ ተብሎ የተሠራ የቁልፍ መቃኛ ስላላቸው ለእኛም ይሆናል። ያ መቃኛ በከተማችን በብዙ ኪቦርዶች ውስጥ ተኝቶ ሳለ አንድም ቀን ሲከፈት አለማየቴ ግን ያስገርመኛል። እኔም ከጥር በፊት ከፍቼው አላውቅም ነበር።

ሌሎቹን ነገሮች በአጭሩ ልለፋቸው። ስቴጅ ኪቦርድ ቁልፉ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ፒያኖ ከባድ ነው፤ ለፈጣን የዜማ ጌጥ ጣት ያደክማል፤ የሲንተሳይዘር ቁልፍ ቀላል ነው። ቦታ የሚያንሳቸው ደግሞ ቁልፍ የሌለውን ዓይነት ገዝተው እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ባለው፣ አንዱ መሣሪያ ሌላውን እንዲያዝ በሚያደርገው በሚዲ ገመድ ከኪቦርዱ ማጫወት ይችላሉ፤ ከባድ ቁልፉ ግን አብሮ ይቀራል። በምንሠራባቸው ቤቶች ሚክሰሩ ላይ ለኪቦርድ የሚተርፈው ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት መስመር ነው፤ አንድ መስመር ብቻ የሚበቃው መሣሪያ መሆኑ ያለ ጠብ ያሠራል። ጭነቱም ቢሆን ቀላል አይደለም። ባለ 88 ቁልፉን ኪቦርድ ከፒያሳ አዘዞ በባጃጅ የወሰደ ሰው የምለውን ያውቃል፤ ግራና ቀኝ ወጥቶ መንገደኛ እንዳይመታ አንድ ሰው ክንዱን አውጥቶ ይዞት ይሄዳል። ሞኖሎግ ሁለት ኪሎ አይሞላም።

ኤሌክትሪኩን ግን በአጭር ማለፍ አልችልም። ሲንተሳይዘር ከውጭ ተገዝቶ፣ ብዙውን ጊዜም አገልግሎ የሚመጣ ዕቃ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ያገለገለ ጃፓን ሠራሽ መሣሪያ ገዝቼ ነበር። ሻጩ «ይሠራል» አለኝ፤ ከኋላው የተጻፈውን ሳላነብ ሰካሁት። በጃፓን ቤቶች የሚገባው 100 ቮልት ነው፤ የእኛ 220 ነው። ቀጭን ጭስ ከማዞሪያዎቹ መካከል ወጣ፤ የተቃጠለ ሙጫ የሚመስለው ሽታ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ቀን ቆየ። ስለዚህ ከመክፈል በፊት ጀርባውን አንብቡ፤ 100 ወይም 120 ብቻ ካለበት ትራንስፎርመር ዋጋው ውስጥ ይግባ። ሁለተኛው ነገር መብራት መጥፋቱ ነው። ጄኔሬተር እስኪነሣ ኪቦርዱ ጠፍቶ፣ ተነሥቶም ድምፆቹን እስኪጭን ሙሽራው ቆሞ ይጠብቃል። በባትሪ መሥራት የሚችል ትንሽ ሲንተሳይዘር ቢኖር ስፒከሩ ሲመለስ እሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ጋሼ ግን በመሐል ያለውን ጊዜ ያለ ምንም መብራት ሁልጊዜም ሞልተውታል።

ብርድም አለ። ኦሲሌተሩ የጥንቱ ዓይነት የሆነ ሲንተሳይዘር ሙቀት ሲለዋወጥ ቅኝቱ ይንሸራተታል። በጥር ሌሊት፣ በጥምቀት ሰሞን፣ ደጅ ላይ የሠራ ሰው የጎንደርን ብርድ ያውቀዋል። ዛሬ የሚሠሩት ብዙዎቹ ራሳቸውን መልሰው ይቃኛሉ፤ አሮጌ የሚገዛ ግን ከሥራው ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይክፈተው።

የገንዘቡን ነገር በመጨረሻ ያስቀመጥኩት ቀላል ስለሆነ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ቀድሞ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙ ሳይቆይ 100 ብር አለፈ፤ ከውጭ የሚመጣ መሣሪያ ሁሉ አብሮ ወጣ። በዚህ ዋጋ የድምፃዊቷ ተቃውሞ ከሁላችንም ይበልጥ ሚዛን ይደፋል። ስፒከሩ እየተንጫረረ ሲንተሳይዘር መጨመር፣ በተሰነጠቀ ምጣድ ላይ እንጀራ መጋገር ነው። ስለዚህ ማይኩ፣ ኬብሉ፣ ስፒከሩ፣ የኪቦርዱ ፔዳል ጤና ሳይሆኑ ሲንተሳይዘር የሚገዛ ባንድ ይህን ደብዳቤ ምስክር አድርጎ እንዳይጠቅስብኝ አደራ እላለሁ። ሥራው በሙሉ በስታይል ላይ የቆመ፣ ብቻውን ከድምፃዊ ጋር የሚሠራ ሰውም አያስፈልገውም፤ ሁለት እጁ በኪቦርዱ ተይዟልና ማዞሪያውን የሚያዞርበት እጅ የለውም።

በመጨረሻው ስብሰባችን የወሰንነው እንዲህ ነው። የተበላሸው ስፒከር መጀመሪያ ይጠገናል። ከሚተርፈው፣ ባንድ ጊዜ አንድ ድምፅ የሚያወጣ፣ ማዞሪያዎቹ ፊት ለፊት የሆኑ፣ ቁልፎቹን ለየብቻ መቃኘት የሚያስችል ትንሽ ሲንተሳይዘር ከፋሲካ በኋላ ካለው የሠርግ ወቅት በፊት እንገዛለን፤ የሚጫወተውም ልጁ ነው፣ እኔ በኪቦርዱ እቀጥላለሁ። ኪቦርዱ ውስጥ ያለውን የተቀዳ ማሲንቆ ከመድረክ ዝርዝሬ ውስጥ አጥፍቼዋለሁ። ልጁ ቅር እንዳይላቸው ፈርቶ ጋሼን አስቀድሞ ፈቃድ ጠየቃቸው። እሳቸውም ማሲንቆውን እየቃኙ፣ ቀና ሳይሉ፣ «የራሱ ድምፅ ካለው ይምጣ፤ እኔ ጠጁን ስቀምስ እሱ ይጫወት» አሉት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ ኪቦርድ ተጫዋች፣ ጎንደር